ራን የሰበራት የጣና ደንገል ነበር?

ራ ከጣና ሐይቅ ዳር በታጨደ ደንገል የተሠራች ጀልባ ነበረች። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰባት ሰዎችን ይዛ አትላንቲክ ውቅያኖስን ልትሻገር ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሣች። በስምንት ሳምንት ውስጥ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። የካሪቢያን ደሴቶች ጥቂት ሲቀሯት ግን የኋላ ክፍሏ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የቀኝ ጎኗ እስሮችም እየተፈቱ ማዕበል ይወስዳቸው ጀመር። ተሳፋሪዎቿ ሐምሌ ላይ ጥለዋት ሊረዳቸው ወደ መጣ ጀልባ ተሻገሩ። ሕይወቱን ያጣ ሰው የለም።

ጀልባዋ ገና ሳትነሣ ብዙ ሰው ውድቀቷን ተንብዮ ነበር፤ ምክንያት ያደረጉትም ደንገሉን ነው። የፓፒረስ፣ ማለትም የደንገል፣ አዋቂዎች ነን ያሉ ሰዎች ቁራጭ ደንገል ውሃ ውስጥ ነክረው ካዩ በኋላ፣ ይህ ተክል ቢበዛ ሁለት ሳምንት ተንሳፍፎ ውሃ ይጠጣና ይሰጥማል፣ ይበሰብሳልም ብለው ፈረዱ። ራ ስትሰበር ያ ፍርድ የተፈጸመ መሰለ። የጉዞው ዝርዝር ሲመረመርና ከአንድ ዓመት በኋላ የሆነው አብሮ ሲታይ ግን፣ ለጣና ደንገል የተሰጠው ስም ያልተገባ መሆኑ ይገለጣል።

የጉዞው ጠንሳሽ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ኮን-ቲኪ በተባለ፣ ከበልሳ ግንዶች በታሰረ ተንሳፋፊ ከፔሩ ተነሥቶ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ 101 ቀን በመጓዝ ዓለምን ያስደነቀ ነው። በኋላ ዓይኑ በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ በተሣሉት፣ ፊትና ኋላቸው ሽቅብ በተቀለበሰ የደንገል ጀልባዎች ላይ አረፈ። የዘመኑ ሊቃውንት እነዚህ ጀልባዎች ለዓባይ ወንዝ እንጂ ለባሕር አይሆኑም ይሉ ነበር። ሄየርዳል ይህን በተግባር ሊፈትን ፈለገ። የጥንት ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰዋል የሚለውን ሐሳብ አብዛኞቹ የታሪክ አጥኚዎች ዛሬም አይቀበሉትም። በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ባሕር ላይ ብቻ ነው።

ለሥራው የሚሆን ደንገል በግብፅ አልተገኘም። የታችኛው ግብፅ መለያ ምልክት የነበረውና የጥንቱ ዓለም ወረቀት የተሠራበት ይህ ተክል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ታችኛው ሸለቆ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የዓባይ መውጫ በሆነው በጣና ዳርቻ ግን በብዛት ይበቅላል። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርና በገባር ወንዞቹ መግቢያ ረግረጎች ላይ ውሃውን ከየብስ የሚለየው አጥር ደንገል ነው። ከዚህ ሐይቅ ዳር 12 ቶን ያህል ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆና ታስሮ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተወሰደ።

ደንገል እንዴት እንደሚንሳፈፍ ማወቅ ለክርክሩ ቁልፍ ነው። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ያድጋል። ከውጭ አረንጓዴና ጠንካራ ልጣጭ አለው፤ ውስጡ ነጭ፣ ቀዳዳ የበዛበትና አየር የሞላው ስፖንጅ ነው። የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። ልጣጩ ውሃ በቀላሉ አያስገባም፤ ዋናው በር የተቆረጠው ጫፍ ነው። ልጣጩ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ እንደሆነ በጎንም ይገባል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ደንገል ገንዳ ውስጥ ጥሎ መቼ እንደሚሰጥም ማየት ስለ ጀልባ ብዙ አይናገርም። ብዙ መቶ ግንዶች በአንድ ላይ ታስረው በገመድ ሲጠበቁ፣ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እብጠቱ እስሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል፣ ወደ ውስጠኞቹ ግንዶች የሚወስደውንም መንገድ ያጠበዋል። ሌላም ጠባይ አለው። ደረቅ ደንገል ሲታጠፍ ይሰበራል፤ የረጠበ ደንገል ግን እንደ ልብ ይታዘዛል፣ ለመበጠስም ያስቸግራል። የራ ሠሪዎችም ደንገሉን ከማሰራቸው በፊት ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር።

የጣና ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቃሉ። በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት የሚሠሩት የደንገል ታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚያመላልስ፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ከደሴት ደሴት የሚያሻግር የሐይቁ ዋና መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ባለ ታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመዋል። ውሃው ተንጠፍጥፎ በፀሐይ ሲደርቅ ቀላልነቱ ይመለሳል። እንዲያም ሆኖ አንድ ታንኳ የሚያገለግለው ለወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ይሠራል። እንግዲህ ደንገል ውሃ ይጠጣል የሚለው ወሬ በራ የተገኘ አዲስ ነገር አልነበረም። የሚያከራክረው በስንት ጊዜ ይጠጣል፣ ከጠጣስ በኋላ ይፈርሳል ወይ የሚለው ነው።

ራ የተሠራችው ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ነው። 15 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 5 ሜትር ያህል ስፋት ነበራት፤ ሚስማርም ሆነ ሽቦ አልገባባትም። ንድፉን ያወጣው የጥንት መርከቦችን ያጠና የነበረው ብዮርን ላንድስትሮም ሲሆን፣ የግብፅን የግድግዳ ሥዕሎች መነሻ አደረገ። ያሰሯት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ የነገሩ ሥር አለ። የቻድ ሐይቅ የደንገል ጀልባ ፊቱ ወደ ላይ ይቀለበሳል እንጂ ኋላው ድፍን ተደርጎ የሚቆረጥ ነው። ሠሪዎቹ ኋላዋ ሽቅብ የወጣ ጀልባ አይተው አያውቁም ነበር። በለመዱት መንገድ ከሠሯት በኋላ፣ በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው ጅራት እንዲጨምሩ ተጠየቁና ጨመሩ። ስለዚህ የራ ጅራት ከሰውነቷ ጋር አብሮ የተሸመነ አልነበረም፤ ዘግይቶ የተቀጠለ ነው።

በግድግዳ ሥዕሎቹ ላይ አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ከተቀለበሰው የኋላ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጀልባው ወለል የሚወርድ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ጅራቱን ቀልብሶ ለመያዝ ብቻ የተበጀ፣ ቅርጹ ከጸና በኋላ ጥቅም የሌለው ገመድ ተደርጎ ታሰበና በራ ላይ ሳይታሰር ቀረ። ገመዱ የነበረው ለሌላ ሥራ እንደሆነ የታወቀው ውቅያኖስ መካከል ነው። የደጋን ጅማት ሁለቱን ጫፎች ወጥሮ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ያ ገመድም ከፍ ባለው ጫፍ አማካይነት የኋላውን ወለል ወደ ላይ ይስባል፤ ማዕበል ሲመጣ ይለጠጣል፣ ሲያልፍ ይመልሳል። እርሱ ከሌለ የኋላው ክፍል ክብደት የሚንጠለጠለው በደንገሉ እስር ላይ ብቻ ነው።

ጉዞው ሲጀመር ቀድሞ የተሰበረው ደንገሉ ሳይሆን እንጨቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመሪ መቅዘፊያዎቹ እጀታዎች ተሰበሩ። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ይታለፋል፤ ግን ሊወሳ ይገባዋል። ይሰባበራል የተባለው ሣር ማዕበሉን እየታጠፈ ሲያሳልፍ፣ ጠንካራ የተባለው እንጨት አልታጠፍም ብሎ ተሰበረ። የተተነበየው ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከዚያም አንድ ወር አለፈ። ደንገሉ አልበሰበሰም፤ ከርጥበቱ የተነሣ እንዲያውም ጠነከረ።

ችግሩ ከኋላ መጣ። ጅራቱ ቀስ በቀስ ጎበጠ፣ ከዚያም ወደቀ። የወደቀው ጅራት ማዕበል የሚገባበት በር ሆነ፤ ወለሉ ላይ የሚገባው ውሃ ክብደት ጨመረ፤ ክብደቱ ደግሞ ጅራቱን ይበልጥ አወረደው። ተሳፋሪዎቹ በጉዞ ላይ ገመድ እየጨመሩ ሊያነሡት ሞከሩ፤ መሠረቱ ግን አስቀድሞ ተዛብቶ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የጭነቱ አቀማመጥ ነው። ራ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ነፋሱ በቀኝ ጎኗ ይመጣ ነበር። በሸራ ጀልባ ልማድ፣ ነፋስ የሚገፋው ጎን እንዳይነሣ ጭነቱ ወደ ነፋሱ ወገን ይደረጋል፤ በራም እንዲሁ ተደረገ። በደንገል ጀልባ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ ያለበት ጎን ከውሃ በላይ ያለው ደንገል ሳይቀር ቀን ከሌት በማዕበል ርጭት ስለሚርስ፣ ውሃ ጠጥቶ የሚከብደው ያ ጎን ነው። ጭነቱ ሲታከልበት ቀኝ ጎኗ ከግራው ይልቅ ጠለቀ።

የመጨረሻውን ጉዳት ያደረሰው የገመድ መፋተግ ነው። በወለሉ ላይ የቆመው የተሸመነ ጎጆ በማዕበሉ ሲወዛወዝ፣ የቀኝ ጎኑን እስሮች የያዙትን ገመዶች እየፈተገ በጠሳቸው። ገመዱ ሲበጠስ እስሩ ተፈታ፤ የተፈታው ደንገል ከጀልባዋ ተለይቶ ሄደ። ተለይቶ የሄደው ደንገል ግን እየተንሳፈፈ ነበር የሄደው፤ ከጀልባዋ የተለየው ስለ ሰጠመ አልነበረም።

ስለዚህ ራ ሰጠመች ከማለት ይልቅ ተፈታች ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስጠት ግን ማስረጃው ከጀልባዋ ውጪም መፈለግ አለበት። አንድ ቁስ ጥፋተኛ መሆኑ የሚታወቀው ያው ቁስ በሌላ አሠራርና በሌላ ሁኔታ ምን እንዳደረገ ሲታይ ነው።

በዚህ ረገድ የታይታኒክ ክርክር ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ታይታኒክ ሚያዝያ 7 ቀን 1904 ዓ.ም. ስትሰጥም ከ1,500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፍርስራሿ እ.ኤ.አ. በ1985 ከተገኘ በኋላ ከባሕር ወለል የወጡ የብረት ቁርጥራጮች ተመረመሩ። የአካሏ ብረት ሰልፈር የበዛበትና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሰባበር እንደነበር ተነገረ። ከዚያ አሜሪካዊው የብረት ተመራማሪ ቲም ፎክ ትኩረቱን ወደ ሪቬቶቹ አዞረ። የመርከቧ ሉሖች የተያያዙት ከ3 ሚሊዮን በሚበልጡ ሪቬቶች ነበር፤ በመካከለኛው ክፍል የገቡት የአረብ ብረት ሲሆኑ፣ በፊተኛውና በኋለኛው ጫፍ የገቡት ደግሞ በእጅ የተመቱ ተራ ብረት ናቸው። ከተመረመሩት ተራ ብረቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ያህል ዝቃጭ ነበረባቸው። የበረዶ ተራራው የመታው ደግሞ ፊተኛውን ጎን ነው። ይህ ግኝት ጠንካራ ነው፤ ሪቬቶቹ ሲለቁ የሉሖቹ መጋጠሚያ ተከፍቶ ውሃ መግባቱን ያፈጥናል።

ግን የታይታኒክ እኅት መርከብ ኦሊምፒክ በዚያው በቤልፋስት፣ በዚያው በሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ኩባንያ፣ በዚያው ዓይነት ብረትና ሪቬት ተሠርታ እስከ እ.ኤ.አ. 1935 ድረስ አገልግላለች። እርሷም ብትሆን ግጭት ደርሶባታል፤ በጦርነት ጊዜም ተሰማርታለች። ስለዚህ ደካማው ሪቬት ጉዳቱን አባብሶት ይሆናል፤ ለታይታኒክ መጥፋት ግን ዋናው ምክንያት በበረዶ መካከል በከፍተኛ ፍጥነት መሄዷና የውስጥ ግድግዳዎቿ ውሃውን ለማገድ በቂ ከፍታ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የሰው ሞት ቁጥር የበዛው ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ለተሳፋሪዎቹ ግማሽ ያህል ብቻ የሚበቁ ስለነበሩ ነው።

ራም እኅት ነበረቻት። ሄየርዳል በማግስቱ ዓመት ሁለተኛ ጀልባ አሠራ፤ ራ ሁለት ተባለች። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ መጣ። የተለወጡት ሠሪዎቹና አሠራሩ ናቸው። በዚህ ጊዜ የተጠሩት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ቶቶራ ከሚባል ሸምበቆ ጀልባ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የጣናን ደንገል ከዚያ በፊት ነክተው አያውቁም። አሠራራቸው ግን ሌላ ነው። አጫጭር እስሮችን ጎን ለጎን ከመደራረብ ይልቅ፣ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ሳይቋረጡ የሚሄዱ ሁለት ታላላቅ እስሮች አዘጋጁ፤ በመካከላቸው ቀጭን ሦስተኛ እስር አስገቡ። ከዚያ በማይቋረጥ ጠመዝማዛ ገመድ ግራውን እስር ከመካከለኛው፣ ቀኙንም ከመካከለኛው ጋር እየሳቡ አጣበቋቸው። ሁለቱ ጫፎች በአንድ ላይ ሽቅብ ተቀለበሱ። ጅራቱ ቅጥያ መሆኑ ቀረ፤ የአካሉ ቀጣይ ሆነ።

ራ ሁለት 12 ሜትር ብቻ ርዝመት ነበራት። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ስምንት ሰዎችን ይዛ ከዚያው ከሳፊ ወደብ ተነሣች፤ በ57ኛው ቀን ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የተጓዘችው ርቀት 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገሏ ውሃ አልጠጣም ማለት አይደለም። በጣም ጠጥቶ ነበር፤ ጀልባዋ ወደ መጨረሻው ዝቅ ብላ ማዕበሉ ወለሉን እያጠበው ነው የደረሰችው። አካሏ ግን ከነቅርጹ ነበር። ያው ተክል፣ ያው ውቅያኖስ፣ ከሞላ ጎደል ያው የወራት ርዝመት፤ አንዷ ተፈታች፣ ሌላዋ ደረሰች። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ፈተና በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ እምብዛም አይገኝም። ራ ሁለት ዛሬ በኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ፣ በኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ከጣና ዳር የበቀለ ደንገል በዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲታይ ኖሯል፤ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ሊያውቁ ይገባል።

የቡዱማ ሠሪዎችንም በዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሐይቃቸው ላይ በሚያውቁት ቅርጽ ሲሠሩ ጀልባቸው አይፈታም። የተፈታው የማያውቁትን እንዲቀጥሉ የተጠየቁበት ቦታ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ቻዳዊው አብዱላይ ጂብሪንም እስከ መጨረሻው ድረስ እስሮቹን ሲጠግን ነበር።

ሆኖም ስለ ቁሱ ሊነሣ የሚገባው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም የአጨዳው ወቅት ነው። ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1977 ጤግሮስ የተባለች ሦስተኛ የሸምበቆ ጀልባ በኢራቅ አሠራ። በዚያ ያሉት የረግረግ ነዋሪ ዓረቦች፣ ሸምበቆ ውሃ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ የሚንሳፈፈው በነሐሴ የታጨደ እንደሆነ ነው ብለው ነገሩት። እርሱም እንደ ቃላቸው አሳጨደ። ጤግሮስ አምስት ወር ያህል በባሕር ላይ ቆይታ ጂቡቲ ስትደርስ ገና በደንብ ትንሳፈፍ ነበር። ፍጻሜዋ በማዕበል አልሆነም፤ በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ዙሪያ ይካሄዱ የነበሩትን ጦርነቶች በመቃወም ተሳፋሪዎቿ ራሳቸው መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. አቃጠሏት። የጤግሮስ ሸምበቆ ከጣና ደንገል የተለየ ተክል ነው፤ ስለዚህ ማነጻጸሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢሆንም ራ የተሠራችው በ1961 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ስለሆነ፣ ደንገሏ የታጨደው ከነሐሴ ውጪ ይመስላል። የጣና ደንገል በክረምት አጋማሽ ታጭዶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጀልባዎች ከውሃው ከፍ ብለው ይጓዙ እንደነበር ማሰብ ይቻላል። ይህ ግን የአያያዝ ጉዳይ ነው፤ ተክሉን ደካማ አያሰኘውም።

ፍርዱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ራን ያፈረሷት ሳይታሰር የቀረው የኋላ ገመድ፣ የተቀጠለው ጅራት፣ ወደ ነፋሱ ወገን ያደላው ጭነትና የተፋተጉት ገመዶች ናቸው። ደንገሉ ውሃ በመጠጣቱ ጉዳቱን አፋጥኖታል፤ ይህን ጠባዩን ግን የጣና ባለ ታንኳዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፣ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ የሚያቆሙትም ለዚሁ ነው።

ዛሬ የደንገሉ ዳርቻ ለራ በታጨደበት ጊዜ እንደነበረው አይደለም። ውሃው ሲሸሽ በሚታረሰው መሬት፣ በከብት ግጦሽና ከልክ ባለፈ አጨዳ ምክንያት ብዙ ቦታ ላይ ሳስቷል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል። የእንጨትና የብረት ጀልባ ሲበዛ ታንኳ የሚሠራው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ ከእርሱም ጋር ደንገል በየትኛው ወር ቢታጨድ እንደሚሻል፣ ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት፣ እስሩ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቀው ሰው ይቀንሳል። በራ ጉዞ ሳይመለስ የቀረውን የአጨዳ ወቅት ጥያቄ ለመመለስ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። በየወሩ የታጨደ ደንገል አስሮ በሐይቁ ዳር ማንሳፈፍና ክብደቱን መመዝገብ ይበቃል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ይህን ሥራ ከወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ጋር፣ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቢጀምሩት መልካም ነው።